መስማማትና መመሳሰል

«ተስማማ» የሚለው ቃላችን «ሰማ» ከሚለው የወጣ መሆኑን ሳናስተውል በየቀኑ እንናገረዋለን። ሁለት ሰዎች ተስማሙ ስንል አንዱ የሌላውን ሰማ፣ ያም የዚህን ሰማ ማለታችን ነው እንጂ ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩ ማለታችን አይደለም። እንግዲህ መስማማት የአፍ ሥራ ከመሆኑ በፊት የጆሮ ሥራ ነው። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳየው፣ ብዙ ሰዎች በየመሣሪያቸው ተሰብስበው አንድ ዜማ የሚያሰሙበት፣ ፈረንጆች ኦርኬስትራ የሚሉት ማኅበር ነው፤ ይልቁንም ሰዎቹ ጥቂት የሆኑበት፣ በእልፍኝ ውስጥ ለመጫወት የሚበቃው አነስተኛው ኦርኬስትራ ነው። በትልቁ ኦርኬስትራ የአንድ ሰው ስንፍና በብዙ ድምፅ መካከል ሊሸሸግ ይችላል፤ በእልፍኙ ግን መሸሸጊያ የለም።

በሁሩታ የሚኖር አንድ አባት፣ በኮሌጅ የሚማር ልጁ መጥቶ «ከጓደኞቼ ጋራ እንዲህ ካለው ማኅበር ገብቼ ልማር» ቢለው፣ መቸም አስቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ ይህ ነው፤ «ሙዚቃ ከወደድህ ለብቻህ ተምረህ ጌታ ብትሆን አይሻልምን? የዐሥራ አምስት ሰው ስሕተት እስኪታረም እየጠበቅህ ጊዜህን ስለ ምን ታጠፋለህ?» ይህ የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ሥሩ ቢቈፈር ከባድ ነገር ይገኝበታል፤ ሰው ከሌላው ጋራ ለመስማማት ሲል የራሱን ድምፅ ዝቅ ቢያደርግ ራሱን ጐዳ ይባላልን፣ ወይስ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን አገኘ?

ያገራችን ሙዚቃ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው። አንደኛው መሰንቆ ነው። የመሰንቆ ጌታ ብቻውን ሙሉ ነው፤ አንዲቱን የፈረስ ጭራ በደጋኑ ይገዘግዛል፣ በራሱ አፍ ይዘፍናል፣ ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ አውታሩንም የሚያጠብቀው በራሱ ጕረሮ ልክ ነው። ረዳት ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ባያገኝም አይጐድልበትም። ሁለተኛው እምቢልታ ነው። እምቢልታ ለጣት የሚሆን ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ የሚያወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ስለዚህ ዜማው ለብዙ ነፊዎች ይከፈላል፤ አንዱ የጀመረውን ሁለተኛው ይቀበለዋል፣ ሁለተኛው የተወውን ሦስተኛው ይሞላዋል። አንዱ ነፊ ቢታመምና ቢቀር የጐደለው የማኅበሩ ሲሶ አይደለም፤ ዜማው ራሱ ጠፋ። እምቢልታ ነፊ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ በመኳንንቱ ፊት የነፋሁትን ላሰማችሁ» ብሎ ለልጆቹ ሊያሰማ አይችልም፤ በእጁ ይዞት የገባው ድምፅ ነው እንጂ ዜማ አይደለምና።

የኦርኬስትራ ሙዚቀኛ ከነዚህ ከሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ነው። እንደ መሰንቆ ጌታ ሙሉ ዜማ መጫወት ይችላል፤ እንደ እምቢልታ ነፊ ግን ክፍሉን ብቻ እንዲያሰማ ይታዘዛል። የእምቢልታ ነፊው ትሕትና ከመሣሪያው የመጣ ነው፤ ቢፈልግም ከዚያ በላይ አይችልም። የቫዮሊን ወይም የክራር ተጫዋቹ ግን እየቻለ ይተዋል። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አጥቶ ጦሙን ባደረና እያለው በጾመ ሰው መካከል ያለውን ያህል ነው።

ይህ ነገር ባገራችን እንዴት እንደ ተፈተነ እናንሣ፤ ዓመቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጣለን። በ1924 ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሳሉ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ፣ ከእልቂት የተረፉ አርባ የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲነፉ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በዜማ አድርጎ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር አዘጋጀ። አባትና እናት ለሌላቸው ለነዚያ ልጆች ቤታቸው ያ ማኅበር ነበር ብንል ማጋነን አይመስለንም። ነገር ግን መሣሪያቸው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ልኩም በፋብሪካ የተወሰነ ነበርና የመስማማታቸው ግማሽ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር።

ዋናው ፈተና የመጣው በ1963 ነው። ግብጻዊው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና ከበሮ የሚያውቁ ያገር ሰዎችን ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማእከል ተጠግቶ ይሠራ ነበር፤ ከኤል ዳብ በኋላም አሜሪካዊው ጆን ኮ፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ መሩት። በ1969 «ብሉ ናይል» በሚል ስም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ታየ፤ በ1975 ተበተነ። ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ያቆየልን ጥያቄ ግን ከዕድሜው ይበልጣል።

ጥያቄው የሚጀምረው ከቅኝት ነው። የክራር ጌታ ክሩን እንደ ዘፋኙ ድምፅ ማጥበቅና ማላላት ይችላል፤ የመሰንቆውም እንዲሁ ነው። ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ከተቈረጠና ከተበሳ በኋላ አይቃኝም። ስለዚህ ዋሽንት ነፊ ልዩ ልዩ ቁመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል፤ ከያዛቸው መካከል አንዱ ካልገጠመ ግን ምን ያደርጋል? እንግዲህ ሦስቱ አብረው እንዲጫወቱ ከተፈለገ ክራሩና መሰንቆው ወደ ዋሽንቱ መምጣት አለባቸው እንጂ ዋሽንቱ ወደ እነርሱ አይመጣም። በፈረንጆችም ሥርዓት እንዲሁ ነው፤ ኦቦ የሚባለው የእንጨት ነፋስ መሣሪያ ባለበት ማኅበር፣ ባለ አውታሮቹ ሁሉ ድምፃቸውን የሚያስተካክሉት እርሱ በሚሰጠው «ላ» በሚባል ድምፅ ነው፤ ያም ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ እንዲሆን በ1939 በለንደን በተደረገ የብዙ አገሮች ጉባኤ ተወስኗል። ከዚህም የተነሣ መታጠፍ የሚችል ለማይችለው ይታጠፋል ማለት ነው።

ይህ ሕግ ለሙዚቃ የተመቸ ቢሆንም በሰው ኑሮ ሲታይ የሚያስፈራ ነው። በቤትም በማኅበርም መታጠፍ የሚችለው ሰው ዘወትር አንዱ ነው፤ ይልቁንም ሚስት፣ ታናሽ ወንድም፣ ድኻ ዘመድ። «አንተ ትችላለህና ተሸከም» እየተባለ ዕድሜውን የሚፈጅ ስንት አለ። የሙዚቀኞቹን ሥርዓት ጠልቀን ስናይ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ዋሽንቱ በቅኝት ጊዜ አይታጠፍም፤ በጨዋታው ጊዜ ግን የክራሩን ለስላሳ ድምፅ እንዳይውጠው እስትንፋሱን መቈጠብ ግዴታው ነው። አንዱ በቅኝት የሰጠውን ሌላው በጕልበት ይመልሳል። አንዱ ወገን ብቻ ሁልጊዜ እየታጠፈ ሌላው ምንም የማይመልስበት ነገር መስማማት ሳይሆን መገዛት ነው፤ ስሙም እንዳይለወጥበት መጠንቀቅ ይገባል።

በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሁለት ነገር ተገኘ፤ አንድ ነገርም ጠፋ። አዝማሪ እየተባለ በሰርግ ቤት ደጅ ይቀመጥ የነበረው ጥበበኛ በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ወንበር አገኘ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለየብቻ ይሰማ የነበረው የየአገሩ ድምፅ ባንድ ጊዜ ተሰማ፤ ይህ ሁለተኛው ነው። የጠፋው ደግሞ የቅጽበት ፈጠራ ነው። መሰንቆ የያዘ ሰው ከፊቱ የተቀመጠውን አይቶ፣ ስሙን ጠይቆ፣ ዜማውን እንደ ነገሩ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል፤ በኦርኬስትራ ግን ከጐኑ ሌሎች አሉና እንደ ልቡ ሊያስረዝም አይችልም። አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥፋት እንደ ቀላል ያዩታል። እኛ ግን አይመስለንም፤ ዋጋ ነውና ዋጋ መሆኑን አምኖ መክፈል ይሻላል። ያ ሰው ከማኅበሩ ልምምድ ሲወጣ ለብቻው እንደ ቀድሞው የሚጫወትበት ሌላ ሰዓት ከተውንለት ዋጋው ይቀንሳል፤ ያን ካልተውንለት ግን እየዋለ እያደረ የመሰንቆ ጌታ የነበረው እምቢልታ ነፊ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ልምምዱ እንመለስ። ሰው ብቻውን ሲማር ቢሳሳት የሚጐዳው ራሱን ነው፤ የዛሬውን ነገ ያርመዋል። በማኅበር ግን ክፍሉን ሳያጠና የመጣ አንድ ወጣት የሚያጠፋው የራሱን ሰዓት አይደለም፤ ዐሥራ አምስት ሰው ተቀምጦ አንድ ሰዓት ቢጠብቀው ከሰው ዕድሜ ዐሥራ አምስት ሰዓት ተወሰደ። ገንዘብ ቢሆን ሌባ እንለው ነበር፤ ሰዓት ስለ ሆነ «ይቅርታ፣ አልተመቸኝም» ይበቃል እንላለን። የኦርኬስትራ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚማረው ይህን ነው ቢባል እውነት ነው፤ ለብቻው የሚሠራው ጥናት የግል ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። በቤቱ፣ ማንም በማያየው፣ የሚያጠናው ለሌሎች ያለበትን ዕዳ ነው።

ካህናት አንባብያን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ድጓን በቃሉ ለመያዝ ብዙ ዓመት የደከመ ሊቅ፣ ዜማውን ጠንቅቆ ቢያውቅም፣ ወደ ማኅሌት ሲቆም ገና ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል፤ አቋቋም። በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ተሰልፈው ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሸጋገሩ፣ መቋሚያው ባንድነት ይዘነበላል፣ ጸናጽሉ ባንድነት ይወርዳል። አንዱ ሊቅ ድምፄ ያምራልና ልቅደም ቢል ድምፁ ቢያምርም ማኅሌቱ ተበላሸ። በአውሮፓ ኦርኬስትራም ቫዮሊን የሚመቱት ሁሉ ደጋናቸው ባንድ ጊዜ እንዲወጣና ባንድ ጊዜ እንዲወርድ ይለማመዳሉ፤ ለዓይን ማማር ብቻ የሚደረግ ይመስላል እንጂ ደጋን ሲወርድና ሲወጣ የሚሰጠው ድምፅ ክብደቱ ስለሚለያይ ነው። መቋሚያውን ያየ ሰው ያን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም።

ስለ ቅዱስ ያሬድ ከሚተረኩት ሁለቱ ስለዚህ ነገር ያሳስቡናል። በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ኮብልሎ ሳለ፣ አንዲት ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች እየተነሣች በመጨረሻ ስትወጣ አየ፤ ወደ ትምህርቱም ተመለሰ። ሁለተኛው፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተክሎ ደሙ ሲፈስ ሁለቱም አላወቁም የሚለው ነው። ሰዎች ሁለተኛውን ያደንቃሉ፤ መምህራን የመጀመሪያውን ለልጆች ይነግራሉ። ሁለቱ ግን ያንድ ሰው ታሪክ ነው። ትሏን ያላየ ጦሩን አይረሳም። ልምምድ መንፈስን ያደርቃል፣ ነገርን መደጋገም ልብን ያደነዝዛል የሚሉ ሰዎች በከፊል እውነት አላቸው፤ መቶ ጊዜ የተደጋገመ ነገር መቶ ጊዜ ሊያሰለች ይችላልና። ነገር ግን ጣቱ ወዴት እንደሚሄድ ገና የሚያስብ ሰው ሌላውን ሊሰማ አይችልም፤ ጆሮው በራሱ ጣት ተይዟል። የመደጋገም ጥቅሙ ጣትን ለማሠልጠን ብቻ ሳይሆን ጆሮን ነጻ ለማውጣት ነው።

አርሲ ከሙዚቃ ይልቅ በሩጫ የታወቀ አገር ነውና ምሳሌም ከዚያ ብንወስድ አያስነቅፍም። በ2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በእግሩ ሕመም ሳለ ተሰለፈ። የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ወደ ፊት መብረር እየቻሉ ፍጥነታቸውን እያበረዱ፣ ዘወር እያሉ ታላቃቸውን ሲያዩ ዓለም ተመለከተ። ሊደርስባቸው እንዳልቻለ ባወቁ ጊዜ ሄዱ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። በዚህ ታሪክ ሰው የሚያደንቀው መጠበቃቸውን ነው፤ እኛ ግን መሄዳቸውንም እናደንቃለን። ብርቱው ደካማውን ምን ያህል ይጠብቅ የሚለው የማኅበር ሁሉ ጭንቅ ነው። ሙዚቀኞች ለዚህ የሰጡት መልስ ሰዓቱን ከሁለት መክፈል ነው። ልምምድ የመጠበቂያ ሰዓት ነው፤ በዚያ ጊዜ ማንም የሳተ ቢኖር ሁሉ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። በሕዝብ ፊት ግን አይቆምም፤ የሳተው ሰው ስሕተቱን ለማረም ወደ ኋላ ቢመለስ ይባስ ያጠፋልና፣ ያመለጠውን ትቶ ሌሎች ካሉበት ቦታ ላይ ይገባል። በልምምድ የማይጠብቅ ማኅበር ጨካኝ ነው፤ በመድረክ የሚጠብቅ ደግሞ ሥራውን ያልተረዳ ነው።

መሪ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ክርክር ብዙ አያዘገየን። በ1922 በሞስኮ ፔርሲምፋንስ የሚባል ያለ መሪ የሚጫወት ትልቅ ኦርኬስትራ ተቋቁሞ እርስ በርስ ለመተያየት ክብ ሆነው እየተቀመጡ ዐሥር ዓመት ቈይተዋል፤ በኒውዮርክም በ1972 የተመሠረተው ኦርፌዎስ የእልፍኝ ኦርኬስትራ ያለ መሪ በመጫወት ስም አውጥቷል። የሚቻል ነገር ነው። ነገር ግን መሪ የሌለው ማኅበር ክርክሩ ይበዛልና ልምምዱ ይረዝማል፤ ነጻነት በሰዓት ይከፈላል።

ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ባንድ ድምፅ መጮኹን መስማማት ነው የሚል ስሕተት አለ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ወጣቶች አንድ ልብስ ለብሰው አንድ መፈክር በዜማ ሲሉ ይሰማ ነበር። ከነዚያ መካከል ጥሩ ጥሩ ድምፅና እውነተኛ ችሎታ ያላቸው ነበሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። የተጠየቁት ግን እንዲመሳሰሉ ነው እንጂ እንዲሰማሙ አይደለም። በኦርኬስትራ አንደኛው ቫዮሊን የሚለውን ሁለተኛው ቫዮሊን ቢደግመው ጥፋት ነው፤ ለሁለተኛው የተጻፈለት ሌላ ነው። ቪዮላው ከቼሎው፣ ቼሎው ከቫዮሊኑ የተለየ ነገር እየተናገረ ነው አንድነቱ የሚገኘው። አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ ድምፆች ይጋጫሉ፤ ግጭቱም ሆነ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ቢወገድ ዜማው ይሞታል። ስለዚህ ያ አባት መጥቶ በአዳራሹ ቢቀመጥ ልጁን በዓይኑ ያየዋል እንጂ በጆሮው ለይቶ አያገኘውም፤ ልጁ ዝም ቢል ግን አንድ ነገር እንደ ጐደለ ወዲያው ያውቃል።

ማኅበር እንዲህ ሆኖ ሳለ ተቃውሞንም ሊናገር ይችላል። በ1772 የሃይድን አሠሪ ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ሙዚቀኞቹን ከቤተ ሰባቸው ለይቶ በገጠር ቤተ መንግሥቱ ከጊዜው በላይ አቈያቸው። ሃይድን አቤቱታ አልጻፈም፤ ሲምፎኒ ጻፈ። በመጨረሻው ክፍል ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ክፍላቸውን እየጨረሱ፣ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ፤ ሁለት ቫዮሊን ብቻ ቀርተው በቀጭን ድምፅ ይፈጽማሉ። ልዑሉም ነገሩ ገብቶት በማግሥቱ ጓዝ እንዲነሣ አዘዘ ይባላል። አንድ ሙዚቀኛ ብቻውን ተነሥቶ ቢወጣ ኖሮ ከሥራው ይባረር ነበር።

እንዲህ ስንል ብቻውን የሚሠራውን ሰው መንቀፋችን አይደለም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በስዊስ ቫዮሊን፣ በካይሮም ከፖላንዳዊው ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃ ተምረው፣ መንኵሰው፣ እስከ 2023 ዕረፍታቸው ድረስ ብቻቸውን በፒያኖ የሠሩት ሥራ በዓለም ይሰማል። ለአንዳንዱ ሰው የተሰጠው ጸጋ የብቸኝነት ነው፤ ያን በማኅበር ስም መስበር ኃጢአት ነው። ያም ሆኖ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ለብቻችን የምንሠራው ጸጋችን ስለ ሆነ ሳይሆን መስማት ስለሚያደክመን ነው።

በሁሩታ ዙሪያ ባለው የስንዴ አገር መኸር ሲደርስ ደቦ ወጥቶ በዜማ ማጨድ፣ በዜማ መውቃት የቈየ ልማድ ነው። ዛሬ በብዙ ማሳ ኮምባይነር ገብቶ የብዙ ሰው የብዙ ቀን ሥራ በጥቂት ሰዓት ይፈጽማል፤ ገበሬውም ከድካሙ ዐርፏል፤ ይህ የሚጠላ አይደለም። ነገር ግን ከድካሙ ጋራ አብሮ የሄደ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ያንዱ ማጭድ ከሌላው ማጭድ ጋራ እኩል እንዲወርድ ዜማ የሚጠብቁበት። ያን ቦታ የሚሞላ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ቫዮሊንና ቼሎ ውድ ናቸው፤ ክራርና መሰንቆ ግን ባገር እጅ ይሠራሉ። ሦስት ወይም አራት ወጣቶች ቢገኙ መጀመር ይቻላል። ዋሽንት የያዘው ድምፁን ይስጥ፣ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይቃኙ፤ በረድፍ ሳይሆን ክብ ሆነው ይቀመጡ፤ አንዲት አጭር ዜማ ወስደው፣ የጐኑን ሰው ክፍል ማንጐራጐር የማይችል የራሱን እንዳይጫወት ይወስኑ። መሪ የመምረጡ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል።